ዲኤንኤን ያለ ምልክት በፋይበር ኦፕቲክ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከባዮሎጂ ወይም ከፊዚክስ ወደዚህ ዘርፍ ለሚመጡ ተማሪዎች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ስለ ጉዳዩ ሰምተው በቂ ማብራሪያ ላላገኙ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥያቄዎቹን ከፈለጋችሁት ቦታ ጀምራችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ስለ ውኃና ስለ ሙቀት የተባለውን ግን አትዝለሉት። ብዙ የተደከመበት ሙከራ ከንቱ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

መሣሪያው በአጭሩ ምንድን ነው?

ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር የመስታወት ፋይበር ነው። ከፋይበሩ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ይመረጥና ፕሮብ የሚባሉ አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች ይተከሉበታል። ፕሮቡ ከምንፈልገው ዲኤንኤ ጋር ብቻ እንዲጣመር ሆኖ የተሠራ ነው። ያ ክፍል ናሙናው ውስጥ ይነከራል፤ በፋይበሩ ውስጥም ብርሃን ይላካል። ተፈላጊው ዲኤንኤ መጥቶ ከፕሮቡ ጋር ከተጣመረ፣ ከፋይበሩ በሚመጣው ብርሃን ውስጥ የሚታየው የሞገድ ርዝመት ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ሥራው ይህችን ትንሽ ፈቀቅታ መለካት ነው።

ብርሃኑ መስታወት ውስጥ ታሽጎ እየሄደ፣ ውጭ ያለውን ዲኤንኤ እንዴት ይነካዋል?

የፋይበሩ እምብርት ክላዲንግ ከሚባለው ዙሪያውን ከሸፈነው መስታወት በትንሹ አብልጦ ብርሃን ይሰብራል። ስለዚህ ብርሃኑ ድንበሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተመለሰ ይጓዛል። ነገር ግን ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገድ ድንበር ላይ ድንገት አይቆረጥም። ወደ ማዶ ጥቂት ይዘልቅና እየራቀ በሄደ ቁጥር በፍጥነት መንምኖ ይጠፋል። ይህ ኢቫንሰንት መስክ ይባላል። ክላዲንጉ ተልጦ ወይም ሳስቶ መስኩ ወደ ናሙናው እንዲደርስ ከተደረገ፣ ብርሃኑ ከፋይበሩ አጠገብ ያለውን ነገር ሁሉ ይዳስሳል።

ይህ መስክ የሚዘልቀው እንደ ብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና እንደ ፋይበሩ አሠራር ከመቶ ናኖሜትር አንሥቶ እስከ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በተጣመረ ዲኤንኤ ላይ ሁለት ጎረቤት ቤዞች (የዲኤንኤ «ፊደላት») የሚራራቁት 0.34 ናኖሜትር ስለሆነ፣ 20 ቤዝ ያለው ፕሮብ ከጥንዱ ጋር ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ ቁመቱ 7 ናኖሜትር አይሞላም። እንግዲህ ከመስኩ ውስጥ የዲኤንኤው ድርሻ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀችው ስስ ንጣፍ ብቻ ናት፤ የቀረው ውኃ ነው። የዚህን ዘርፍ ችግሮች አብዛኞቹን የወለደው ይኸው ነው።

«ያለ ምልክት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዲኤንኤ በራሱ ቀለም የለውም፤ በዓይን በሚታይ ብርሃን ሲመታም አያበራም። ስለዚህ የተለመደው መንገድ የሚያበራ ቀለም ማያያዝ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1994 ያሳተሙት የፋይበር ዲኤንኤ ሴንሰር ሳይቀር በተጣመሩ ክሮች መካከል እየገባ የሚያበራውን ኤቲዲየም ብሮማይድ ይጠቀም ነበር። ቀለም ግን ወጪ አለው፤ አንድ ተጨማሪ የሥራ ደረጃ ይጨምራል፤ ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል፤ አንዳንዱም በጥንቃቄ ካልተያዘ ለሠራተኛው አደገኛ ነው።

ያለ ምልክት ሲሠራ የሚለካው ዲኤንኤው በመምጣቱ ብቻ የሚፈጠረው ለውጥ ነው። ውኃ ይዞት በነበረው ቦታ ከውኃ ይልቅ ብርሃን የሚሰብር ሞለኪውል ገብቷል። ጥምረቱ ሲካሄድም ሰከንድ በሰከንድ መከታተል ይቻላል፤ ይህ ለእኔ የዘዴው ትልቁ ጸጋ ነው። በተቃራኒው፣ ብርሃኑ ማን እንደመጣ አይለይም። ፕሮቲን ቢለጠፍበት፣ ቆሻሻ ቢያርፍበት፣ የማይፈለግ ዲኤንኤ ቢጣበቅበት ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያል። መምረጥ የሚችለው ፕሮቡ ብቻ ነው። «ያለ ምልክት» የሚለውን «ያለ ጥንቃቄ» አድርጎ የሚረዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የውሸት ውጤት ነው።

ፋይበሩ ለኢንተርኔት ከሚዘረጋው የተለየ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። እምብርቱ 8 ወይም 9፣ ክላዲንጉ ደግሞ 125 ማይክሮሜትር የሆነው ተራ የቴሌኮም ፋይበር በብዙ ላቦራቶሪዎች ያገለግላል። ቻርልስ ካኦ በ1966 ንጹሕ መስታወት ብርሃንን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል ባሳየ ጊዜ ያሰበው መገናኛን ነበር፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትም ይኸው ነው። ሴንሰር ሠሪዎች የቴሌኮም ኢንዱስትሪ ያረከሰውን ፋይበር፣ የብርሃን ምንጭና ማገናኛ ወስደው ለራሳቸው ሥራ አዋሉት።

የትኞቹ ዓይነቶች አሉ? ለጀማሪስ የትኛው ይሻላል?

አንደኛው ብራግ ግሬቲንግ ነው። በእምብርቱ ውስጥ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ እየተራራቁ የሚደጋገሙ ስውር መስመሮች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይቀረጻሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። ክስተቱን ኬኔት ሂልና ባልደረቦቹ ኦታዋ ውስጥ በ1978 ነበር ያገኙት። ችግሩ ብርሃኑ እምብርቱ ውስጥ በደንብ ስለታቀፈ ውጭ ያለውን አለማየቱ ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2005 የተሠራው ሥራ መስታወቱን እስከ እምብርቱ ድረስ በአሲድ በማሳሳት የዲኤንኤን ጥምረት መለየት ችሏል። አሲዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ይህን ጉዳይ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት፤ ቆዳን ዘልቆ ይገባል፣ ሕመሙ ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል፣ የሰውነትን ካልሲየም ያጠቃል። ካልሲየም ግሉኮኔት ቅባትና የሠለጠነ ሰው በሌለበት ቤተ ሙከራ ጠርሙሱ እንኳ መከፈት የለበትም።

ሁለተኛው ረጅም ክፍተት ያለው ግሬቲንግ ነው። መስመሮቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ማይክሮሜትሮች ስለሚራራቁ ብርሃኑን ከእምብርቱ ወደ ክላዲንጉ ያሻግሩታል፤ ክላዲንጉ ደግሞ ናሙናውን በቀጥታ ይነካል። ስለዚህ በአሲድ መቅጠን የግድ አያስፈልገውም። በእንግሊዝ አገር የአስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 በዚህ ዓይነት ግሬቲንግ ጥምረቱን እየተካሄደ ሳለ ተከታትለውታል፤ የተጣመረውን ክር አላቅቀውም ፋይበሩን ደግመው ተጠቅመውበታል።

ሦስተኛው መስመሮቹ ዘመም ብለው የተቀረጹበት ግሬቲንግ ሲሆን፣ በኦታዋው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ በሰፊው ተጠንቷል። ለምን እንደምወደው ስለ ሙቀት በተጻፈው መልስ ላይ ታገኙታላችሁ።

አራተኛው ወርቅ የተቀባ ፋይበር ነው። ውፍረቱ 50 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የወርቅ ንጣፍ ላይ ብርሃን የብረቱን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛል፤ ይህ ውዝዋዜ አጠገቡ ለሚከሰት ለውጥ እጅግ ስሜታዊ ነው። በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1993 በፋይበር ላይ ያሳየው ሥራ ነጭ ብርሃንና ስፔክትሮሜትር ነበር የተጠቀመው። አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተ ሙከራ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ወርቅ የሚቀባ መሣሪያ ማግኘት ከተቻለ የአልትራቫዮሌት ሌዘር አያስፈልግም፤ የሚታየው ብርሃንም ተራ ካሜራ የሚያነበው ነው።

ፕሮቡ ፋይበሩ ላይ እንዴት ይተከላል?

መስታወትም ዲኤንኤም በውኃ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ መካከላቸው ድልድይ ካልተሠራ አይያያዙም። በመስታወት ላይ የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። የፕላስቲክ ሽፋኑ ይላጣል፤ ፋይበሩ በጠንካራ አሲድ ታጥቦ ገጽታው ለኬሚካላዊ ትስስር ዝግጁ ይሆናል፤ ቀጥሎ አሚን የተሸከመ ሲሌን በተባለ ውሕድ ይሸፈናል፤ ከዚያ ግሉታራልዴሃይድ በአንድ እጁ ሲሌኑን፣ በሌላው ጫፉ ላይ አሚን የተገጠመለትን ፕሮብ ይይዛል። ወርቅ ላይ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ጫፉ ላይ ድኝ ያለው ፕሮብ ከወርቅ ጋር በራሱ ይተሳሰራል።

ጣጣው ያለው ሲሌኑ ላይ ነው። እርጥበት ካገኘ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጓጉላል፤ አንድ ስስ ንጣፍ መሆን የሚገባው ነገር ወፍራምና ወጣ ገባ ይሆናል። ዛሬ የሠራው ፋይበር ነገ የማይሠራበት ምክንያት ከብርሃኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል። አዲስ የተከፈተ ሲሌን፣ ውኃ የሌለበት አልኮልና በሰዓት የተመጠነ ጊዜ ውድ ሌዘር ከመግዛት ይልቅ ውጤት ያሻሽላሉ።

ፕሮብ ማብዛትም ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ክሮቹ ከተጨናነቁ መጪው ዲኤንኤ መግቢያ ያጣል፤ አሉታዊ ሙላቸውም ተደምሮ ይገፋዋል። ለዚህም ነው በናሙናው ውስጥ ጨው የሚጨመረው፤ የሶዲየም አዮኖች ሙሉን ይጋርዱታል።

ሙከራው ሲካሄድ ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?

በመጀመሪያ ፋይበሩ የጨው መፍትሔ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሞገድ ርዝመቱን በየጊዜው የሚያሳየው መስመር ተኝቶ እስኪረጋ ድረስ ይጠበቃል። ናሙናው ሲገባ መስመሩ በድንገት ይዘላል። አዲስ ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለዋል፤ ግን ይህ ዝላይ ብዙ ጊዜ ጥምረት አይደለም። የናሙናው የጨው መጠን ከፊተኛው መፍትሔ በጥቂቱ ከተለየ፣ አንድም ዲኤንኤ ሳይጣበቅ መስመሩ በዚያው ቅጽበት ይዘላል። ጥምረቱ ከዝላዩ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ የሚመጣው፣ በመጨረሻም የሚረጋው ለውጥ ነው። ቀጥሎ ፋይበሩ በመጀመሪያው መፍትሔ ይታጠባል። ከእጥበቱ በኋላ መስመሩ ከተነሣበት ምን ያህል ርቆ ቀረ? መመዝገብ ያለበት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

ጎን ለጎን ደግሞ ተፈላጊውን የማይመስል ፕሮብ የተተከለበት ሁለተኛ ፋይበር በዚያው ናሙና ውስጥ መኖር አለበት። እሱም እኩል ከተንቀሳቀሰ የተገኘ ነገር የለም።

ሙቀት ይህን ያህል ለምን ይፈራል?

ውኃ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ብርሃን የመስበር አቅሙ በ0.0001 ገደማ ይቀንሳል። የአንድ ስስ የዲኤንኤ ንጣፍ መምጣት ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ መዋዠቅ ብቻውን ምልክቱን ሊውጠው ይችላል። መስታወቱም ራሱ ይሞቃል፤ በ1550 ናኖሜትር የሚሠራ ብራግ ግሬቲንግ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.01 ናኖሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በር ተከፍቶ የገባ ነፋስ ዲኤንኤ መስሎ ይታያል ማለት ነው።

ዘመም ያለው ግሬቲንግ ዋጋው እዚህ ላይ ይታወቃል። ከሚያሳያቸው በርካታ የሞገድ ርዝመቶች መካከል አንዱ እምብርቱ ውስጥ የታቀፈ ስለሆነ ናሙናውን አያይም፤ ሙቀትን ግን ይሰማል። የእሱን ንቅናቄ ከሌሎቹ ላይ መቀነስ የፋይበሩን ሙቀት ያስተካክላል። ቴርሞሜትሩ እዚያው ፋይበር ውስጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ ነው። በውኃው በኩል የሚመጣው ለውጥ ግን አሁንም ማመሳከሪያ ፋይበርና የተረጋጋ የሙቀት መጠን ይፈልጋል።

በአንድ ቤዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ዲኤንኤዎችን ይለያል?

ሊለይ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን የሙቀት መጠኑና ጨው ነው። አዴኒንና ታይሚን በሁለት፣ ጓኒንና ሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጂን ትስስር ይያያዛሉ። ከ20 ቤዞች አንዱ ካልገጠመ ጥንዱ ዝቅ ባለ የሙቀት መጠን ይለያያል። ሙከራው ትክክለኛው ጥንድ ጸንቶ፣ የተሳሳተው በሚፈታበት ጠባብ ክልል ውስጥ መካሄድ አለበት። በክፍል ሙቀትና በብዙ ጨው ከተሠራ ሁለቱም ይጣበቃሉ። በ1991 በዴንማርክ የተዋወቀው ፒኤንኤ የተባለው ሰው ሠራሽ ፕሮብ የጀርባ አጥንቱ ሙል ስለሌለው ከዲኤንኤ ጋር ጠንክሮ ይያያዛል፤ ለአንድ ቤዝ ስሕተትም ይበልጥ ቁጡ ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል።

ፒሲአርን ይተካል?

ፒሲአር ዲኤንኤን እያባዛ የሚለይ የተለመደ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው፤ ፋይበሩ ዛሬ አይተካውም። ይህን መልስ በስሌት ላስደግፈው፤ በዜና ላይ የሚጻፈውና እውነታው የሚራራቁት እዚህ ላይ ነውና።

ብዙ ያለ ምልክት የሚሠሩ የፋይበር ሴንሰሮች በናኖሞላር ደረጃ በደንብ ይሠራሉ። አንድ ናኖሞላር ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 600 ቢሊዮን ገደማ ሞለኪውሎች ማለት ነው። አሁን የወባ ሕመምተኛን ደም እንውሰድ። በአንድ ማይክሮ ሊትር 100 ተውሳክ ቢኖር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ተውሳክ የአንድን ዘረ መል አንድ ቅጂ ይዞ ቢገኝ 100,000 ሞለኪውል ነው። ልዩነቱ ስድስት ሚሊዮን እጥፍ ነው። በዚያው ሚሊ ሊትር ውስጥ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሰው ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ዲኤንኤ ከተውሳኩ በመቶ እጥፎች ይረዝማል። ከኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት የእንክርዳድ ፍሬ እንደመልቀም ነው።

ፒሲአር ይህን የሚያልፈው በማባዛት ነው፤ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ በ30 ዙር አንዱን ቅጂ ወደ ቢሊዮን ያደርሰዋል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነው መንገድ ማባዛትንና ፋይበሩን ማጋባት ይመስለኛል። በ2000 ጃፓን ውስጥ የቀረበው ላምፕ የተባለው ዘዴ በአንድ የሙቀት መጠን፣ በ60 እና በ65 ዲግሪ መካከል ያባዛል፤ እየተለዋወጠ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ማሽን አይፈልግም። ከእሱ በኋላ ፋይበሩ የተባዛው ነገር በእርግጥ የምንፈልገው መሆኑን ያረጋግጣል።

ፋይበሩን ደም ውስጥ በቀጥታ መንከር ይቻላል?

መንከር ይቻላል፤ ውጤቱን ማመን ግን አይቻልም። የደም ፕሮቲኖች ባገኙት ገጽታ ላይ ይለጠፋሉ፤ ተፈላጊው ዲኤንኤም ሴል ውስጥ እንደተዘጋና ሁለቱ ክሮቹ እርስ በርስ እንደተጣመሩ ነው። በቅድሚያ ሴሉ መፈንዳት፣ ዲኤንኤው መጥራት፣ መቆራረጥ፣ በሙቀት ወደ ነጠላ ክር መከፈት አለበት። የናሙና ዝግጅትን የማያካትት «የአምስት ደቂቃ ምርመራ» የሚባል ነገር ስትሰሙ ሰዓቱ ከየት ጀምሮ እንደተቆጠረ ጠይቁ።

ለኢትዮጵያ የሚሆን እውነተኛ ጥቅም አለው?

አለው፤ ከሁሉ በፊት የማነሣው ወባን ነው። ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የሚያገለግሉ ብዙ ፈጣን መመርመሪያዎች ተውሳኩ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። በአፍሪካ ቀንድ፣ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ጨምሮ፣ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል የጠፋባቸው ተውሳኮች ተሰራጭተዋል። ሰውየው ታምሟል፣ ተውሳኩ በደሙ አለ፣ መመርመሪያው ግን «የለም» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ሰበብ የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲያልፉ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል። ይህን ለማወቅ የዘረ መል ክትትል ያስፈልጋል፤ ክትትሉ ዛሬ የሚካሄደው ናሙና ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ተልኮ በፒሲአር ነው።

የአንድን ዘረ መል አለመኖር በፋይበር ማሳየት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ምንም አልተንቀሳቀሰም» የሚለው ውጤት ዘረ መሉ ጠፍቷል ማለትም፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለትም፣ ናሙናው ባዶ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፋይበር ያሻል፦ አንዱ በማንኛውም ፋልሲፓረም ውስጥ የማይጠፋ ዘረ መል ይፈልጋል፣ ሌላው ኤችአርፒ2ን። የመጀመሪያው ተንቀሳቅሶ ሁለተኛው ባለበት ሲቀር ብቻ ነው መናገር የሚቻለው። ለክልል ላቦራቶሪ የሚሆን፣ ከላምፕ ጋር የተቀናጀ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢሠራ የሚያድነው ሰው ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአገራችን የፊዚክስና የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎች በጋራ ሊይዙት የሚገባ ሥራም ነው።

አንዱን ፋይበር ስንት ጊዜ መጠቀም ይቻላል? ዋጋውስ?

የተጣመረው ክር በሙቀት ወይም በኬሚካል ሊላቀቅ ይችላል፤ ግን በየዙሩ ፕሮቡም ጥቂት ጥቂት ይረግፋል። ለምርምር ደጋግሞ መጠቀሙ ጥሩ ነው። ለሕክምና ግን የአንዱ ሕመምተኛ ዲኤንኤ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ፋይበሩ አንድ ጊዜ አገልግሎ ቢጣል እመርጣለሁ። ፋይበሩ ራሱ ርካሽ ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው የሞገድ ርዝመትን በረቂቅ የሚያነበው መሣሪያ ነው።

በዚህ ዘርፍ የታተመ ጽሑፍ ሳነብ በመጀመሪያ ምን ልፈልግ?

ትንሹ የተለካ መጠን ላይ አትቸኩሉ። የማይዛመድ ዲኤንኤ ተሞክሮ ነበር ወይ? ናሙናው ንጹሕ የጨው መፍትሔ ነው ወይስ ከሰው የተወሰደ? የሙቀት መጠኑ በምን ተጠብቋል? ቁጥሩ የተወሰደው ከእጥበት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደግሞም ግራፉ ላይ ያሉት ነጥቦች የአንድ ፋይበር ተደጋጋሚ ንባብ ናቸው ወይስ ለየብቻ የተዘጋጁ ፋይበሮች? በአንድ ፋይበር ላይ አሥር ጊዜ ማንበብ የሚያሳየው መሣሪያው መርጋቱን ብቻ ነው፤ ሲሌኑና ፕሮቡ በእያንዳንዱ አዲስ ፋይበር ላይ እኩል መተከላቸውን የሚያሳየው ለየብቻ ተዘጋጅተው የተለኩት ናቸው።